«ቀንሱልን» ብቻ አይበቃም፤ «ቤዙን ቁረጡልን» እንበል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የከተማ ጩኸት ጉዳይ በጋዜጣ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ጎራ ይቆማል። አንዱ «እንቅልፍ አጣን፣ ቤታችን የታመመ አለ፣ ነገ ፈተና ያለበት ልጅ አለን» ይላል። ሌላው «በደስታችን ቀን እንኳ በሹክሹክታ እንጫወት?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሙግቱ ግን ሁልጊዜ ስለ ሰው ምግባር ብቻ ስለሚሆን፣ በመካከላቸው የተገተረውን ዕቃ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ድምፅ ማጉያ ዕቃ ነው። በቦታው ከተቀመጠና በወጉ ከተስተካከለ ታዳሚው ሳይጎድልበት ጎረቤት መተኛት ይችላል። ቅሬታ አቅራቢው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ባለ ዝግጅቱም የቱን ቁልፍ እንደሚነካ ቢያውቁ ብዙው ጠብ ባልተነሣ ነበር ብዬ ስለማምን ነው ይህን መጻፌ።

በመጀመሪያ ጎረቤት ሌሊት የሚሰማው ምን እንደሆነ እንይ። ዘፈኑን አይደለም። ግጥሙ አይለይም፣ ጊታሩ አይሰማም፣ ዘፋኙ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አይታወቅም። የሚሰማው «ድም፣ ድም፣ ድም» ነው። አልጋ አጠገብ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ቢኖር፣ በእያንዳንዱ ምት በውኃው ፊት ላይ ስስ ክብ መስመር ሲነሣና ሲጠፋ ይታያል። መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ቢያሳርፉ ምቱ በእጅዎ ይገባል። ቤዝ የምንለው ወፍራም ድምፅ ይህ ነው፤ በሰከንድ ከ40 እስከ 100 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ።

መስኮት ቢዘጋ ለምን አይቀርም? ድምፅ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የ50 ሄርትዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አንዱ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። «ሰ»ን ከ«ፈ» የምንለይበት ስስ ድምፅ፣ 5000 ሄርትዝ እንበል፣ ሞገዱ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አጭሩን ሞገድ መጋረጃ ይውጠዋል፣ በር ይመልሰዋል፣ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ገላ እንኳ ይከልለዋል። ረጅሙ ግን ክፍሉን ራሱን ያህላል፤ ያጋጠመውን ዞሮ ያልፋል፣ ግድግዳውንም እንደ ከበሮ ቆዳ ያርገበግበዋል። የድምፁ ድግግሞሽ በግማሽ በወረደ ቁጥር ግድግዳው የሚያስቀረው በ6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል። ግድግዳውን በእጥፍ ማክበድ እንኳ የሚያተርፈው ያንኑ 6 ዲሲቤል ነው። ግንብ እየደራረቡ ቤዝን መከልከል እንደማያዋጣ ከዚህ ይታያል።

አሁን «ቀንሱልን» ሲባል የሚሆነውን እንመልከት። ሚክሰሩ (ድምፆች የሚደባለቁበትና የሚስተካከሉበት ዕቃ) ላይ የተቀመጠው ሰው ዋናውን ቮሊዩም ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል፣ 3 ዲሲቤል ያህል። የአምፕሊፋየሩ (ለስፒከሮቹ ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) ጉልበት በዚህ ብቻ በግማሽ ወርዷል፤ ለጆሮ ግን 3 ዲሲቤል «ቀነሰ እንዴ?» የሚያሰኝ ልዩነት ብቻ ነው። ድምፁ በግማሽ ወረደ ብለን እንዲሰማን 10 ዲሲቤል ገደማ መውረድ አለበት፤ ይህም ማለት ከጉልበቱ ከ10 እጅ 1 እጅ ብቻ ይቀራል። ያን ያህል ከወረደ ደግሞ ኋላ የተቀመጠው ታዳሚ ቃል አይሰማም፣ «አይሰማም!» ይባላል፣ ቮሊዩሙ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጎረቤት «ናቁን» ይላል፤ ባለ ዝግጅቱ «ቀንሰንላቸው እኮ ነበር» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። የተጠየቀው ጥያቄ ነው የተሳሳተው።

ትክክለኛው ጥያቄ «ቤዙን ቁረጡልን» የሚለው ነው። ይህን ለመፈጸም አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በአብዛኛው ሚክሰር ላይ በየማይኩ መስመር «ሎው ከት» የሚባል ትንሽ መጫኛ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከ80 ወይም ከ100 ሄርትዝ በታች ያለውን ያስቀራል። ንግግር የሚተላለፍበት መስመር ሁሉ ይህ ቁልፍ ተጭኖ መዋል አለበት። ማስተካከል የሚቻልበት ሚክሰር ከሆነ ለንግግር እስከ 120 ሄርትዝ ድረስ መቁረጥ ይቻላል። የወንድ ድምፅ መሠረቱ 100 ሄርትዝ አካባቢ ቢሆንም፣ ቃልን ከቃል የምንለይበት ተነባቢ ያለው በአብዛኛው ከ1000 እስከ 4000 ሄርትዝ ባለው ክልል ነው። ታች ያለውን ቆርጠን የምናጣው ቃል የለም። እንዲያውም ጉምጉምታው ሲጠፋ ንግግሩ ይጠራል። ዝግጅቱ ንግግር ብቻ ከሆነ ሳብዉፈሩ፣ ቤዝ ብቻ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር፣ ጭራሽ መብራት የለበትም። ተናጋሪው አየር ሲተነፍስበትና ማይኩን ሲነካካው «ቡፍ» ከማለት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

ለሙዚቃ ግን ቤዝን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ጭፈራውን መግደል ነው፤ ማንም አይቀበለውም፣ መጠየቅም የለበትም። ከመሸ በኋላ ዋናዎቹን ስፒከሮች ሳይነኩ ሳብዉፈሩን ብቻ ከ6 እስከ 10 ዲሲቤል ማውረድ፣ ከ50 ሄርትዝ በታች ያለውንም መቁረጥ ይበቃል። መድረኩ ፊት ያለው ሰው በስፒከሮቹ አቅራቢያ ስለሆነ ምቱን አያጣውም። ሳብዉፈሩ የራሱ መቆጣጠሪያ ከሌለው የዲጄ ሚክሰሩን «ሎው» ማዞሪያ ከመሀል ወደ ግራ መመለስ ነው።

በተደጋጋሚ የሚታይ አንድ ስሕተት አለ። ኢኳላይዘሩ (ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ስሱን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለው ዕቃ) ላይ የተደረደሩት ተንሸራታች ቁልፎች ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ፣ መሀሉ ወደ ታች ተደርጎ የፈገግታ ቅርፅ ይሰጣቸዋል። ለአምስት ደቂቃ ያምራል። ነገር ግን የዝቅታው ሥር የተቀበረው የዘፋኙ ድምፅ ነው። ግጥሙ አልሰማ ሲል ዋናው ቮሊዩም ይጨመራል፣ ከእሱ ጋር ቤዙም ይጨመራል፣ ግጥሙ እንደገና ይዋጣል። እንዲህ እየተባባሰ የሚሄደውን ሁሉ መሀሉን በ3 ዲሲቤል ከፍ፣ ታቹን በ6 ዝቅ በማድረግ ማስቆም ይቻላል።

አቀማመጡ ደግሞ ከማዞሪያው ያላነሰ ነገር ነው። ሳብዉፈር ግድግዳ ሥር ሲገፋ ቤዙ እስከ 6 ዲሲቤል ይጨምራል፤ ማዕዘን ውስጥ ሲወሸቅ እስከ 6 ዲሲቤል በላዩ ላይ ይደርብበታል። ሰዎች ማዕዘን የሚመርጡት መተላለፊያ እንዳይዘጋ ብለው ነው፣ ግን ያ ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት ከሆነ ዕቃውን በቀጥታ የሰው መኝታ ቤት ላይ ተክለውታል ማለት ነው። ወደ ሌላኛው ወገን መውሰድ ይሻላል። ፎቅ ላይ ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፤ ከሳጥኑ ወደ ወለሉ በቀጥታ የሚወርደውን ንቅናቄ ያለዝበዋል። በአየር የሚሄደውን ግን ላስቲክ አያስቀረውም። ሦስት ሳብዉፈር ያለው ሰው አንዱን ወደ ኋላ አዙሮ ፖላሪቲውን (ሞገዱ የሚገፋበትንና የሚስብበትን አቅጣጫ) በመገልበጥና ተገቢውን መዘግየት በመስጠት ከመድረኩ በስተጀርባ የሚሄደውን ቤዝ በእጅጉ ማምከን ይችላል። ትልልቅ የኮንሰርት ቡድኖች ይህን ያውቁታል፤ ሰፈር ውስጥ ለሚሠሩት ግን ያስተማራቸው የለም።

ወደ አቅጣጫና ርቀት ልለፍ። ከአንድ ስፒከር የሚወጣ ድምፅ ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዲሲቤል ይወርዳል። በ1 ሜትር ላይ 100 ከሆነ በ2 ሜትር 94፣ በ4 ሜትር 88፣ በ8 ሜትር 82፣ በ16 ሜትር 76፣ በ32 ሜትር 70 ይሆናል። እንግዲህ 32 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው 80 ዲሲቤል ለማድረስ አንድ ሞንታርቦ ብቻ ፊት ለፊት ቢቆም፣ ዕቃው በ1 ሜትር ላይ 110 ማውጣት አለበት፤ በ2 ሜትር ያለው ምስኪን 104 ይጠጣል። በዚያ ፈንታ ትንንሽ ስፒከሮች በየመሀሉ ተበትነው ማንም ሰው ከአንዱ ከ8 ሜትር በላይ እንዳይርቅ ቢደረግ፣ እያንዳንዳቸው በ1 ሜትር ላይ 98 ቢያወጡ ለሁሉም 80 ይደርሳል። ከአጥር ውጭ የሚፈሰው ደግሞ በእጅጉ ያንሳል። ስፒከሩ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ አፍንጫው ወደ መጨረሻው ረድፍ ወንበር አዘንብሎ ይሰቀል። ቀጥ ብሎ የተሰቀለ ስፒከር ከታዳሚው አናት በላይ አልፎ የሚናገረው ማዶ ላለው ፎቅ ነው።

ስፒከር ሲበታተን አንድ ነገር ይበላሻል፤ ብዙዎች ሞክረው የተዉትም በዚህ ምክንያት ነው። ድምፅ 1 ሜትር ለመሄድ ወደ 2.9 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። 20 ሜትር ወደ ኋላ የተተከለው ስፒከር በኤሌክትሪክ ወዲያው ሲናገር፣ የመድረኩ ድምፅ 58 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ቃሉ ሁለት ጊዜ ይሰማል፣ ይደናገራል። ሚክሰሩ ላይ ለዚያ መስመር 58 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ከተሰጠው ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ሜትሩን በእርምጃ መለካትና በ2.9 ማባዛት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

የሱቅ ደጃፍ ስፒከርም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ወደ መንገድ ዞሮ የሚጮኽ ስፒከር ደንበኛ ሊያናግርህ ሲገባ ሁለታችሁንም ያስጮኻል። ሰው ጩኸት ውስጥ ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ኤትየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም በ1911 ጽፏል፤ ክስተቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አንዱ ሱቅ ሲጮኽ ጎረቤቱ ሱቅ የሚጨምረውም በዚሁ ነው። ስፒከሩ ከበሩ በላይ ሆኖ ወደ ውስጥና ወደ ታች ቢያይ፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው ይሰማዋል፣ ማዶ ያለው አይሰማውም።

ማይክ አያያዝ ላይ ብዙ ድምፅ በከንቱ ይባክናል። ማይክ ከአፍ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ የነበረው ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ፣ ቮሊዩም ሳይነካ 12 ዲሲቤል ይገኛል። ተናጋሪው ማይኩን ደረቱ ላይ አሳርፎ ሲያወራ፣ የድምፅ ሰው የግድ ጌኑን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ማዞሪያ) ይከፍታል፤ ከዚያ ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ይቀዳና ያ ጆሮ የሚበሳው ፉጨት ይመጣል። ራሱን ማለትም ወንፊቱን በመዳፍ መጨበጥም ያው ነው። የማይኩ የኋላ ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ከፊት ብቻ መስማቱ ቀርቶ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ዘፋኞች ለማማር ብለው የሚያደርጉት ይህ አያያዝ ፉጨትን ይጠራል። ማይኩ ከስፒከሩ ኋላ ይሁን፣ ከእጀታው ይያዝ፣ ከአፍ ጋር ይጠጋ። መድረክ መሪዎች ይህን ለእንግዳ ተናጋሪ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግሩት የዝግጅቱ ድምፅ ይለወጣል።

ስለ ባለሙያውም ጆሮ ላንሣ፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚረሳው እሱ ነው። ጆሮ ከፍ ባለ ድምፅ ውስጥ ሲቆይ ለጊዜው ይደነዝዛል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ድምፅ ያነሰ ይመስላል፣ እጅ ሳይታወቅ ወደ ላይ ይገፋል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ያለው ድምፅ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የበለጠ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው እንጂ በክፋት አይደለም። ፈውሱ ተራ ነገር ነው። ጆሮ ገና ትኩስ ሳለ በተስተካከለበት ቦታ በዋናው ተንሸራታች አጠገብ ነጭ ፕላስተር ይለጠፍና በእስክሪብቶ መስመር ይሰመርበት፤ ከመስመሩ በላይ አይለፍ። በየሰዓቱም ለአምስት ደቂቃ ወደ ውጭ መውጣት፣ በዚያውም አጥሩ ጋ ቆሞ ጎረቤት የሚሰማውን መስማት ይገባል። አምፕሊፋየሩ ላይ «ክሊፕ» የሚለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ዕቃው ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል ማለት ነው። የድምፁ ሞገድ አናቱ ተቆርጦ ሻካራ ይሆናል፣ በዚያ የሚፈጠረው ትርፍ ጉልበት የትዊተሩን (ስሱን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ስፒከር) ቀጭን ሽቦ ያቃጥላል። ሊሚተር የሚባለው፣ ድምፁ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚገታው መቆጣጠሪያ አስቀድሞ ቢስተካከል ይህን ሁሉ ራሱ ይጠብቃል።

የሚቀዱት ዘፈኖችም ከጥፋት ነፃ አይደሉም። ብዙ ዘፈን ከሌላው ጎልቶ እንዲሰማ እየተባለ ዝቅታውና ከፍታው ተጨፍልቆ ይወጣል። የድምፅ መጠን በሚያሳየው ጠቋሚ ላይ ጫፉ እኩል ቢመስልም እንዲህ ያለው ዘፈን እረፍት ስለሌለው ጆሮ ላይ ይበልጥ ይከብዳል። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲመጣ ሪሞት ፍለጋ የሚያስነሣን ይኸው ዘዴ ነው። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ዩኒየን በ2010 ያወጣው ደንብ ጫፉን ሳይሆን አማካዩን፣ ጆሮ እንደሚሰማው አድርጎ መለካትን ያዘዘው ለዚህ ነው። ዲጄ የጠቋሚውን መብራት ብቻ እያየ ሲሠራ ይህን ልዩነት ያጣዋል።

ስለ መለኪያ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ዲሲቤል ሲባል ብዙ ጊዜ «ኤ» በሚባለው ሚዛን ነው፤ ይህ ሚዛን 50 ሄርትዝ ላይ 30 ዲሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ብርጭቆ የሚያርገበግበው ቤዝ መለኪያው ላይ «ምንም የለም» ሊባል ይችላል። መለኪያውን ቤዝን ብዙም ወደማይቀንሰው «ሲ» ሚዛን ቀይሮ እንደገና ማንበብ ይገባል፤ በሁለቱ መካከል ከ20 ዲሲቤል በላይ ልዩነት ካለ ችግሩ ቤዝ ነው። ሁለተኛ፣ የስልክ መተግበሪያዎች ወጥ አይደሉም፤ የብዙ ስልክ ማይክ ቤዝን በደንብ አይቀዳም፣ ድምፁ በጣም ሲበዛም ይደናገራል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለአይፎን በነፃ ያቀረበው መተግበሪያ ከሚታመኑት አንዱ ነው። ስልኩን ክንድ ዘርግቶ ከገላ አርቆ መያዝ፣ ማይኩን በጣት አለመሸፈን፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ አማካዩን መውሰድ፣ ሰዓቱንና የቆሙበትን ቦታ መጻፍ ነው። «በጣም ይጮኻል» ከሚል አቤቱታ «ሌሊት 6 ሰዓት ከ20፣ መኝታ ቤት፣ መስኮት ተዘግቶ፣ በኤ 44፣ በሲ 68» የሚል አቤቱታ ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ክፍል ውስጥ የመከረው የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዲሲቤል እንዳይበልጥ ነው።

ሌሊት ለምን ይብሳል ለሚሉ፦ የመንገዱ ሁካታ ስለሚወርድ ያው ድምፅ ጎልቶ ይወጣል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ደግሞ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ላይ ያመልጥ የነበረው ድምፅ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። ቀን አምስት ቤት ያልደረሰ ድምፅ ሌሊት ሰፈር ያቋርጣል፤ ማንም ማዞሪያ አልነካም።

ድምፅ እንዳይወጣ ብለው ግድግዳ ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ወይም ስስ ስፖንጅ ለሚለጥፉ አዝናለሁ፣ ገንዘባቸው ባክኗል። ስፖንጅ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል፣ ያውም የስሱን ድምፅ፤ ወደ ውጭ የሚወጣውን አይከለክልም። የሚከለክለው ክብደትና መታፈን ነው። ከበርና መስኮት ስፋት አንድ መቶኛው ብቻ ክፍት ከሆነ፣ ቀሪው ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን ሁሉም አንድ ላይ ከ20 ዲሲቤል በላይ ማስቀረት አይችልም። መጀመሪያ በበሩ ሥርና በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ስንጥቅ በላስቲክ ይደፈን፤ ከሁሉ ርካሹም ከሁሉ የሚያተርፈውም ይህ ነው። ቤዙን ግን ይህም አያቆመውም፣ ከምንጩ መቆረጡ ግድ ነው።

ለታዳሚውም አንድ ቃል አለኝ። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ ተቋም ለሠራተኛ የሚመክረው ገደብ 85 ዲሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቆረጣል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ለሙዚቃ ቤቶች ባወጣው መለኪያ አማካዩ ከ100 እንዳይበልጥ፣ ጸጥ ያለ ማረፊያ እንዲኖርና የጆሮ መድፈኛ እንዲቀርብ ይጠይቃል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ሕዋሳት በአንድ ጆሮ ወደ 15 ሺህ ይሆናሉ፤ ከሞቱ በሰው ላይ መልሰው አይበቅሉም። ከኮንሰርት ሲመለሱ ጆሮ ውስጥ «ጢ» የሚል ከቀረ ያ ማስጠንቀቂያ ነው። የአረፋ መድፈኛ በጣት ጠበብ አድርጎ አጠቅልሎ፣ በሌላው እጅ የጆሮን ቅጠል ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማስገባት፣ እስኪያብጥም 30 ሰከንድ ያህል በጣት መያዝ ነው። ልጆች ይዘው የሚመጡ ወላጆች ስፒከር አጠገብ እንዳይቆሙ ከልቤ እለምናለሁ።

ፈቃድ ለሚሰጡ ክፍሎች ደግሞ ይህን አቀርባለሁ። ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው የማብቂያ ሰዓት ብቻ መሆኑ ይቅር። ስፒከሮቹ ወዴት እንደሚያዩ፣ ሳብዉፈሩ ከየትኛው ግድግዳ እንደሚርቅ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ በስንት ዲሲቤል እንደሚወርድ፣ ልኬቱ በአጥሩ በየትኛው ነጥብ በ«ኤ» ሚዛንም በ«ሲ» ሚዛንም እንደሚወሰድ በወረቀት ይስፈር። የአንድ ኃላፊ ስልክ ቁጥርም ለዙሪያው ጎረቤቶች አስቀድሞ ይሰጥ። ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዘፈን ሙሉ ቮሊዩም ተከፍቶ፣ የድምፅ ሰውና አንድ ጎረቤት አጥሩ ጋ አብረው ይቁሙና ያዳምጡ፤ በዚያች ሰዓት የተስማሙበት መስመር ፕላስተሩ ላይ ይሰመር።

ከአክብሮት ጋር፣
የድምፅ መሣሪያ ባለሙያ